ለአንድ ስም የተጠራ ደቦ

እስቲ እናንተው ፍረዱኝ። ሰው በገዛ ፊደሉ የገዛ እህቱን ስም አስመዘግባለሁ ስላለ በስልክ ይሰደባል? «ልክ ያልሆነ ስም» ይባላል? የእታገኝ ስም እኮ ነው! እናታችን ያወጣችላት፣ ቄስ የባረከው፣ ገበያ መሀል ጮክ ብለህ ብትጠራው አምስት ሴት ዘወር የምትልበት ስም ነው። እሱ ነው ልክ ያልሆነው!

እኔን የማያውቅ ካለ ልንገረው። ንፋስ መውጫ፣ መናኸሪያው አጠገብ ስልክ የምጠግነው ሰው እኔ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም። መጀመሪያ የፈታሁት የራሴን ስልክ ነው። ስገጥመው ሁለት ብሎን ተረፈኝ፤ ስልኩ ግን ትንሽ ቀለል ከማለቱ በቀር ምንም አልሆነም። ከዚያ ወዲህ ከጋይንት፣ ከስማዳ፣ ከእስቴ ውኃ የገባበት፣ በሬ የረገጠው፣ ከገብስ ጋር የተወቃ ስልክ ሁሉ የሚመጣው ወደኔ ነው። የተወቃ ስል ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ባለቤቱ አውድማ ላይ ጥሎት በሬዎቹ ሲዞሩበት ውለው፣ ምርቱ ሲነሣ ከገለባው መሀል የተገኘ ስልክ ነው። አስነሣሁት። ዛሬም ይጮኻል፤ ብቻ ሲጮህ ትንሽ አቧራ ይተፋል። እንግዲህ የተወቃ ስልክ ያስነሣ ሰው አንድ ስም ማስመዝገብ ያቅተዋል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ነገሩ የመጣው በታላቅ እህቴ በእታገኝ ነው። እታገኝ በሶ ታዘጋጃለች። ገብሱን ታምሳለች፣ ታስፈጫለች፣ ትነፋለች። የሷን በሶ የጨበጠ ሰው ደብረ ታቦር በእግሩ ሄዶ ሲመለስ አልደከመኝም ይላል፤ እኔ ራሴ ሄጄ ሳይሆን ሲሉ ሰምቼ ነው። ከላይ ጋይንትም፣ ከስማዳም፣ ከእስቴም ገብስ ያላቸው ሴቶች ከሷ ጋር ሆነው አንድ ማኅበር አቋቁመዋል። ታዲያ አንዲት ለአዲስ አበባ ሱቆች የሚያከፋፍሉ ወይዘሮ ቀመሱትና ወደዱት። ግን እንዲህ አሉ፦

«በሶው ግሩም ነው። በጆንያ ግን አልወስድም። በትንሽ በትንሽ ከረጢት ይሁን፤ ከረጢቱ ላይም የኢንተርኔት አድራሻ ይኑር። ያሁኑ ሰው የሚበላውን ማን እንደሠራው በስልኩ ገብቶ ማየት ይፈልጋል። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ካልደረሰልኝ ከሌላ እወስዳለሁ።»

ባሕር ዳር ያለው ከረጢት አታሚ ደግሞ፣ «የሚጻፈውን ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ካልላካችሁልኝ ማሽኑን ለሌላ ሥራ አዞረዋለሁ» አለ።

ይሄን ሁሉ እታገኝ ሱቄ ድረስ መጥታ ስትነግረኝ ሳቅኩ። «አድራሻ ብቻ? በይ ሂጂ፣ ነገ ጠዋት ነይና ውሰጂ» አልኳት።

«በኛ ፊደል ይሁን» አለችኝ።

«ምኑ?»

«አድራሻው ነዋ! እኔ ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ወልጄ፣ ማታ ማታ በመሠረተ ትምህርት ነው። የማላነበውን ነገር ስሜ ነው ብዬ ከረጢት ላይ አልለጥፍም። ስድብ ቢሆንስ በምን አውቃለሁ?»

ደረቴን መታሁ። «እታለም፣ ይሄማ ለኔ ጨዋታ ነው!»

ይሄን ያልኩት የማኅበሩ ሴቶች ሁሉ በቆሙበት ነው። ከሁሉ የከፋው ግን ሰይድም መስማቱ ነው። ሰይድ ከኔ ሱቅ ፊት ለፊት ጨርቅ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ባንድ ዘመን ሱቅ ከፍተን ባንድ ዘመን ነው ፀጉራችን የሳሳው። ገበያ ሲቀዘቅዝበት ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይመጣና እኔ ላይ ይስቃል።

«ነገ ጠዋት ስትል» አለ ሰይድ፣ «የትኛው ነገ ነው? የኔን ቻርጀር ነገ ካልከኝ እኮ ክረምቱ ወጣ።»

ስልኬ ላይ አቀረቀርኩ። ሥራ ላይ ነበርኩ።

የኢንተርኔት ስም፣ ዶሜይን የሚሉትን፣ የሚሸጥ አንድ አስመዝጋቢ በስልኬ ከፈትኩና «የእታገኝ» ብዬ መጻፍ ስጀምር ቀይ ጽሑፍ መጣብኝ። ከኤ እስከ ዜድ ያሉ ፊደሎችን፣ ቁጥርንና ሰረዝን ብቻ ተጠቀም ይላል። ደሜ ፈላ። ስለ ኤ አልከራከርም፤ አገራቸው ነው። ሰረዝ ግን ምን ሠርታ ነው? ድምፅ የላት፣ ዘር የላት፣ ብትጠራት አቤት አትል! የኛ ፊደል እያንዳንዱ ከነስድስት ልጁ በር ላይ ቆሞ፣ ሰረዝ ገብታ ተጋድማ ትተኛለች! ይሄ ፍርድ ነው? ለሰይድ ስነግረው፣ «አንተ ራስህስ ከሰዓት በኋላ ባንኮኒው ላይ ምን ትመስላለህ?» አለኝ።

ሁለተኛ አስመዝጋቢ ፈለግኩ። እሱ ደግነቱ፣ «በራስዎ ፊደል ማስመዝገብ ይችላሉ» ይላል፤ ክፍያውንም በስልክ ይቀበላል። አሁን ስሙን ማሳመር ብቻ ቀረ።

ማሳመሩ ላይ ትንሽ ሥራ በዛ። «የእታገኝ በሶ» ብቻ ብለው ምን ያምራል? ደረቅ ነው። «የጋይንት ጌጥ» ጨመርኩበት። ከስማዳ የመጣችው ሴት ይሄን ሰምታ፣ «እንዴ! ገብሱ ከኛ፣ ጌጡ ለጋይንት?» አለች። እውነቷን ነው፤ «የስማዳ ኩራት» ጨመርኩ። የእስቴዋ ነጠላዋን አጣፋች። የእስቴ ሴት ነጠላዋን እንዲህ ካጣፋች ገብሷን ይዛ ከተማዋ መካነ ኢየሱስ ገባች ማለት ነው። ቶሎ ብዬ «የእስቴ መመኪያ» አልኩ። ከዚያ በኋላማ ማን ያቆመኛል? «የበላ የማይደክም፣ ያልበላ የሚቆጭ» ብዬ ዘጋሁት። ክፍተት አይወድም ስላሉኝ ሁሉንም አያያዝኩና አንድ ስም አደረግኩት፦

የእታገኝበሶየጋይንትጌጥየስማዳኩራትየእስቴመመኪያየበላየማይደክምያልበላየሚቆጭ።

አንብቤው ራሴ ጠጉሬ ቆመ። ይሄ ስም ነው ፉከራ? ሁለቱንም ነው! ላኩት።

«ልክ ያልሆነ ስም።»

ለምን? አይልም። ቢሮ ያለ ሰው እንኳ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ይልሃል፤ ውሸትም ቢሆን ምክንያት ነው፣ ይዘኸው ወደ ቤትህ ትገባለህ። ይሄ ግን ቀይ ቀለም አፍስሶብህ ዝም ነው። ስልኩን አጥፍቼ አበራሁት፣ ሌላ ስልክ ላይ ሞከርኩ፣ ኔትወርኩ ይሆናል ብዬ ከተማው ጫፍ ያለው ጉብታ ላይ ወጣሁ። ጉብታው ላይ ነፋሱ ባርኔጣዬን ወሰደ፤ ስሙ ግን እንደዚያው ልክ ያልሆነ ነው።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ይሄ ማሽን የናቀኝ ብቻዬን ስለሆንኩ ነው! እኛ አገር አንድ ሰው ያቃተው እርሻ ምን ይደረግበታል? ደቦ ይጠራበታል። ብቻውን ሲጠይቅ የናቀውን አገር ሲጠይቀው ይደነግጣል። አርብ ከሰዓት በኋላ በሰይድ በረንዳ ላይ ደቦ ጠራሁ።

መጡልኝ፣ እግዜር ይስጣቸው። ባጃጅ ነጂዎቹ መጡ፣ ከምጣዷ ካልተነሣችው ከእታገኝ በቀር የማኅበሩ ሴቶች መጡ፣ ስልክ የሌለው ሳይቀር ለማበረታታት መጣ። ስሙን ካርቶን ላይ በከሰል ጽፌ ሰቀልኩት። «ሁላችሁም ይቺን ጻፉ! ስሙ የሁላችን ነው፣ ማንም ይያዘው! በሉ!» አልኩ።

«በለው!» አሉ።

«አይዟችሁ፣ በርቱ!»

«በለው! በለው!»

እንዲህ ያለ ደቦ ገብስ ቢያጭድ ኖሮ እስከ ጨጨሆ ድረስ ባዶ ማሳ ይቀር ነበር። ሁሉም አጎንብሶ ይጽፋል። እኔ ከኋላ እየዞርኩ እፎክራለሁ። ከዚያ ባንዱ ስልክ ቀይ፣ በሌላው ቀይ፣ በረንዳው የበርበሬ ስጥ መሰለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «ከዚህ አካባቢ ብዙ ሙከራ ስለተደረገ ቆይታችሁ ሞክሩ» አለ። አካባቢውን በሙሉ! ቀጥሎ ኔትወርኩ ራሱ ሄደ። ከማዶ ቤት አንዲት ሴት ስልኳን እንደያዘች ወጣችና፣ «ልጄ ከደብረ ታቦር እየነገረችኝ ነበር፣ ወንድ ይሁን ሴት የወለደችው ሳልሰማ ምን አደረጋችሁብኝ!» ብላ ጮኸችብን።

ወገቤን ይዤ ቆምኩ። «በሉ ተነሡ፣ ውለታችሁ አይጠፋም» አልኩ።

አንዱ ባጃጅ ነጂ፣ «ጋሼ፣ ደቦ ማለት እንዲህ ነው እንዴ? ጉሮሯችን ደርቆ ነው የምንሄደው?» አለ።

«እኔስ ጠላ አልጠጣም» አለ ሰይድ፣ «ለኔ ዓይነቱ ቀሪቦ አላስጠመቅክም? ደቦ ጠርተህ?»

ተናደድኩ። «ምን የታረሰ ነገር አለና ነው የምትበሉት? አንድ ፈር አልወጣም! ባዶ ማሳ ላይ ድግስ አለ?»

ሰይድ ስልኩን አየ። እኔን አየኝ። ስልኩን ኪሱ ከተተና፣ «እሺ፣ ባለ ደቦ» ብሎ ወደ ጨርቁ ገባ። ያን ጊዜ ልብ ብል ኖሮ ይሄን ሁሉ ባልተናገርኩ።

ኔትወርኩ ሲመለስ ለአስመዝጋቢው የእርዳታ መስመር ደወልኩ። አንዲት ልጅ አነሣች። ድምጿ ደግ ነው።

«አባቴ፣ ስሙ በዝቶ ነው» አለችኝ።

አባቴ! ጥርሴ ገና ሙሉ ነው እኮ። «የት በዛ? ባንድ ትንፋሽ እለዋለሁ!» ብዬ ስሙን ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠራሁላት፣ ባንድ ትንፋሽ።

«በጣም ያምራል፣ አባቴ። ግን ማሽኑ የኛን ፊደል እንዳለ አያስቀምጠውም። ወደ ራሱ ፊደል ይገለብጠዋል፤ ሲገለብጠው ይረዝማል፤ ከልኩ ሲያልፍ ይጥለዋል። አጭር ስም ሲሆን ምን እንደሚመስል ልላክልዎት።»

ላከችልኝ። ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ? ኤክስ፣ ኤን፣ ሰረዝ፣ አሁንም ሰረዝ! ያቺው ሰረዝ፣ እዚህም ቀድማኝ፣ ያውም እህቷን አስከትላ! ከዚያ ፊደልና ቁጥር እንደ ጉድ ይንጋጋል። አንድ መሪጌታ ስልካቸውን ሊያስጠግኑ ተቀምጠው ነበርና አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት። «ይኼን ማን ጻፈልህ?» አሉኝ።

«ማሽን ነው፣ አባ። የእታገኝ ስም ነው አሉኝ።»

«ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይኼ አንገት ላይ ለሚንጠለጠል ክታብ ይሆናል እንጂ ለበሶ አይሆንም። ቤትህ አታሳድረው።» ስልካቸውንም ሳይጠገን ይዘው ሄዱ።

እሺ፣ ምን ይደረግ። መቁረጥ ጀመርኩ። «ያልበላ የሚቆጭ»ን ቆረጥኩ፤ እኔው ተቆጨሁ። «የበላ የማይደክም»ንም ጣልኩ። ከዚያ በኋላ ያሉት አገሮች ናቸው። የእስቴን ትቼ የስማዳን ልቁረጥ? የስማዳን ትቼ የጋይንትን? ማንም አገር እንዳይቀየም ሦስቱንም አወጣኋቸው። ቅዳሜ ጠዋት፣ ልቤ እያዘነ፣ ራቁቱን የቀረውን «የእታገኝበሶ» ጽፌ ላኩት።

ቀይ አልሆነም። እልል ልል አፌን ስከፍት ጽሑፉ መጣ። «ይህ ስም ተይዟል።»

ተይዟል? የእታገኝን በሶ ማን ይይዘዋል? እኔ ነኝ ወንድሟ! ሱቄን ሳልዘጋ ወጣሁ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ከመስጊዱ በታች ስልክ የሚጠግነውን ነው። ሄጄ አንገቱን ላንቀው ስል፣ ዶሜይን ምን እንደሆነ አያውቅም፤ መድኃኒት መስሎት «ስንት ጊዜ ነው የሚዋጠው?» አለኝ። ቀጥሎ ባጃጅ ነጂውን ያዝኩ፤ በእናቱ ማለ። ቀጥሎ አንድ ፈረንጅ ባገሩ ሆኖ በሶ አምሮት ይሆናል አልኩ። ገበያው መሀል አንድ ጆንያ ላይ ወጥቼ መናገር ጀመርኩ። «ወገኖቼ! መሬት አይደለም፣ ከብት አይደለም፣ ስማችንን ነው የሰረቁን! በደቦ የደከምንበትን ስም!»

«ጋሼ!» አለች አንዲት ነጋዴ ከስር፣ «መጀመሪያ ከድንቼ ላይ ውረዱልኝ!»

ስወርድ እታገኝን ፊት ለፊት አገኘኋት። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር፤ ጩኸት እመልሳለሁ።

«ተያዘ ነው የምትለኝ?» አለች።

«ሌላ ስም እናውጣ፣ እታለም። እኔ አንድ የሚያምር...»

«ሌላ ስም አልፈልግም። ሴቶቹ ‹የእታገኝ በሶ› ሲባል ነው አምነው የተከተሉኝ። ገብሱ ሁሉ ታምሷል። የስማዳዋ ገዢ ይበዛል ስላልካት ለዘር ያስቀመጠችውን ሳይቀር አምሳለች። የታመሰ ገብስ እንግዲህ አይዘራ! ከረጢቱ ከቀረ፣ ምን ይዤ ፊቷን አያለሁ?»

ሰዓቴን አየሁ። ለስድስት ሰዓት ብዙ አልቀረም። አንገቴን ደፍቼ ወደ ሱቄ ስመለስ ሰይድ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጥርሱን ይፍቃል።

«ሌባውን አገኘኸው?» አለ።

«ተወኝ ሰይድ፣ ዛሬ አያስቅም።»

«እኔ ነኝ።»

«ምኑ?»

«ሌባው ነዋ! ስሙ እኔ ጋ ነው።»

ሜትሩን ከአንገቱ ነጥቄ ላንቀው ነበር፤ እታገኝ መሀል ገባች። ሰይድ መፋቂያውን አውጥቶ ረጋ ብሎ አስረዳ። «ትናንት ጻፉ አልከን፣ ጻፍኩ። ያንተን ፉከራ ማን ይጨርሰዋል? ‹የእታገኝበሶ› ድረስ ጽፌ ጣቴ ደከመኝ፤ እንደዚያው ላኩት። ክፈል ሲለኝ ከፈልኩ። እሱ ለእታገኝ ስጦታዬ ነው፣ አይነሣም። እንኳን ደስ አለዎት ሲለኝ ላሳይህ ዞር ብል፣ አንተ ‹አንድ ፈር አልወጣም› ብለህ ደቦውን ባዶ ሆዱን ትበትናለህ!»

«ታዲያ ለምን አትናገርም? ድንች ላይ ወጥቼ ስጮህ እያየህ!»

«ያምርብህ ነበር» አለ። «አሁን ግን ሕጉን አንተም ታውቀዋለህ። ደቦ የጠራ ሰው ሳያበላ ማሳውን አይረከብም። እኔ አርሻለሁ። አብላኝና ውሰድ።»

«እሺ፣ አበላሃለሁ! ማታ...»

«እኔን ብቻ? ደቦውን በሙሉ። አሁን።»

ወደ እታገኝ ዞርኩ፣ እህቴ ናት ታድነኛለች ብዬ። እሷ ግን፣ «እውነቱን ነው። ደቦ አስርበህ መስደድህን ትናንት ብሰማ እኔው አልረከብም ነበር» አለችኝና ገበቴ ይዛ መጣች። በሶ ደግነቱ እሳት አይፈልግ፣ ጊዜ አይፈልግ። ማሩን አመጣች፣ ውኃውን አመጣች፣ እጄን አስታጠበችኝ። ይሄን እጅ! የተወቃ ስልክ ያስነሣ እጅ፣ መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ በሶ አሸ! ቀሪቦው የመጣው ከሰይድ ቤት በጀሪካን ነው። «ደቦውን የጠራህ አንተ፣ የጠመቅን እኛ!» እያለ ያድላል። ባጃጅ ነጂዎቹ ጭብጦ በእጃቸው እንደያዙ ከላይ ሆነው፣ «በለው ጋሼ! በርታ! በለው!» ይሉኛል። ከስልክ ወሬዋ የተቋረጠችው ሴት ሳትቀር መጥታ በላች። ወንድ ነው አሉ።

የመጨረሻው ሰው እጁን ሲጠርግ ሰይድ ስልኩን ከነፓስወርዱ ሰጠኝ። በማር በተለወሰ ጣቴ ከፈትኩት። የእታገኝ በሶ፣ በኛ ፊደል፣ ምንም ቀይ ነገር የለው። እታገኝ ጎንበስ ብላ ፊደል በፊደል አነበበችው፤ ሁለተኛም አነበበችው። ስልኩን ልትመልስልኝ ስትል በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋው ነው የሰጠችኝ። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ለአታሚው ተላከ። ልብ በሉ፣ እኔ ደቦ ባልጠራ ኖሮ ይሄ ስም አይወጣም ነበር! ይሄን ስናገር ግን ሰይድ ይስቃል፤ የሚያስቀው አልገባኝም።

ከመላኩ በፊት የሆነውን ሳልነግራችሁ፤ ልልክ ስል እታገኝ እጄን ይዛ፣ «የከረጢቱ ጀርባ ባዶ ነው አሉ» አለችኝ። «ያንን ረጅሙን እዚያ አስገባው። የስማዳዋም የእስቴዋም ስማቸውን ይዩ።» እህት እንዲህ ናት። አስገባሁት፣ አንድ ፊደል ሳይቀር። ከረጢት የሰጠኸውን ይሸከማል፤ ከማሽን ይልቅ አስተዋይ ነው።

ጾሙ ሳይገባ በሶው አዲስ አበባ ደረሰ። በሦስተኛው ቀን የእታገኝ ስልክ ጮኸ። ወይዘሮዋ ናቸው፣ ተቆጥተዋል። እታገኝ ትንሽ ሰማችና፣ «ያንተ ጣጣ ነው» ብላ ስልኩን ሰጠችኝ።

«አድራሻውን ከከረጢቱ ላይ አይቼ ጻፍኩት» አሉኝ ወይዘሮዋ። «‹ልክ ያልሆነ ስም› ነው የሚለኝ! ምን ዓይነት ሥራ ነው ይሄ?»

«ከየትኛው በኩል ነው የጻፉት፣ እመቤቴ? እስቲ ያንብቡልኝ።»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የእታገኝ በሶ፣ የጋይንት ጌጥ፣ የስማዳ ኩራት፣ የእስቴ መመኪያ፣ የበላ የማይደክም፣ ያልበላ የሚቆጭ!» አሉ፣ በቁጣ፣ ባንድ ትንፋሽ፣ ከአዲስ አበባ።

ዓይኔን ጨፈንኩ።

«አልሰማሁዎትም፣ እመቤቴ» አልኳቸው። «ኔትወርኩ ነው። እስቲ አንዴ ይድገሙልኝ።»